ዲ ላይ አስቀምጬዋለሁ

(የማኅበራችን የሂሳብ ሠራተኛ በዓመታዊው ጠቅላላ ጉባኤ ከሰዓት በኋላ ያቀረበችው ንግግር። ለኅትመት እንዲመች በመጠኑ ተስተካክሏል።)



አሁን የቆምኩት ሪፖርት ላቀርብ አይደለም። የዓመቱን ሂሳብ ጠዋት ሰምታችሁታል። ቁጥሩን ስደረድር ከኋላ ወንበር ሁለት ሦስቶቻችሁን እንቅልፍ ሸለብ እንዳደረጋችሁ አይቻለሁ፤ አልተቀየምኩም። ለዚህ ሰዓት የተሰጠኝ ርዕስ «በኮምፒውተር ያለ መረጃን መጠባበቂያ ቅጂ ስለመያዝና ስለመመለስ» የሚል ነው። ሰብሳቢያችን ደግሞ «ያንን የጠፋውን ሂሳብ ንገሪያቸው፤ አዲሶቹ አያውቁትም፣ የድሮዎቹም የሚያውቁት ግማሹን ነው» አሉኝ። ልክ ናቸው። ቀሪውን ግማሽ ሳልናገር የቆየሁት እኔ ነኝ። ስለዚህ ከእሱ ልጀምር።

ከአራት ዓመት በፊት ነው፤ ወሩ ግንቦት። ያኔ ቢሯችን አንድ ክፍል ነበረች፤ ያለን ኮምፒውተርም አንድ፣ በስጦታ ያገኘነው ያገለገለ ዴስክቶፕ ነበር። ዩፒኤስ ነበረን፤ ግን ባትሪው ከሞተ ቆይቶ ስለነበር የፕሪንተር ማስቀመጫ አድርገነዋል። ኮምፒውተሩ የሚሠራው በቀጥታ ከዲቫይደር ላይ ነበር። ከሰዓት በኋላ ወደ ዘጠኝ ሰዓት ግድም መብራት ሄደ፤ መጣ፤ ደግሞ ሄደ። ለመጨረሻ ጊዜ ሲመጣ ኮምፒውተሩ አልነሳ አለ። ከውስጡ ቀጭን ድምፅ ብቻ ይሰማል፤ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ።

ገንዘብ ያዣችን አጠገቤ ነበሩ። «ሌላ ቦታ አስቀምጠሽዋል አይደል?» አሉኝ። እኔም ያለ ምንም ስጋት «አዎ፣ ዲ ላይ አስቀምጬዋለሁ» አልኳቸው።

ኮምፒውተር ላይ የምትሠሩ ታውቁታላችሁ፤ «ማይ ኮምፒውተር» ሲከፈት ሲ እና ዲ የሚሉ ሁለት ሳጥኖች ይታያሉ። እኔ ደግሞ ኮሌጅ ሳለሁ አንድ ጓደኛዬ «ሲ ቢበላሽ ዲ ይተርፋል» ብላ ነግራኝ ነበርና ያንን እንደ ሕግ ይዤ፣ በየሳምንቱ የአባላቱን ሂሳብ ከሲ ወደ ዲ እገለብጣለሁ። በጥንቃቄ፣ አንድም ሳምንት ሳላጓድል። በማግስቱ ጠጋኙ ኮምፒውተሩን ፈትቶ አንዲት መዳፍ የምታክል ብረት አወጣና ጠረጴዛ ላይ አኖራት። «ይህች ናት» አለኝ። «ሲዋ ነች ወይስ ዲዋ?» አልኩት። ሳቀብኝ። «ሁለቱም» አለ።

ይህ ለብዙዎቻችሁ አዲስ ነገር እንደሆነ ስለማውቅ ትንሽ ልቆይበት። በብዙ ኮምፒውተሮች ውስጥ ያለው ሃርድ ዲስክ አንድ ነው። ሲ እና ዲ የሚባሉት ያንኑ አንዱን ዲስክ በስም ብቻ ሲከፍሉት ነው። አንድ ክፍል ቤት በቺፕውድ ለሁለት ብትከፍሉት ሁለት ክፍል አገኘን ትላላችሁ፤ ጣሪያው ግን አንድ ነው፣ መሠረቱም አንድ። ጓደኛዬ የነገረችኝ ስህተት አልነበረም፤ ግማሽ እውነት ነበር። ዊንዶውስ ተበላሽቶ እንደገና ሲጫን ብዙውን ጊዜ የሚጠረገው ሲ ብቻ ነው፤ ያኔ ዲ ይተርፋል። ዲስኩ ራሱ ሲሞት ግን የሚተርፍ የለም።

«ፍላሽስ አልነበረሽም?» ትሉኝ ይሆናል። ነበረኝ። የወር መጨረሻውን ሂሳብ ፍላሽ ላይ እገለብጥ ነበር። ያ ፍላሽ ግን የማኅበሩ ደብዳቤም፣ የስብሰባ ጥሪም የሚታተምበት ስለሆነ የማይዞርበት ኮምፒውተር ቤት የለም። መጋቢት ላይ ስከፍተው ፋይሎቹ ሁሉ ሾርትከት ሆነው ጠበቁኝ፤ ስማቸው አለ፣ ሲነኩ አይከፈቱም። ቫይረስ መሆኑን ስለገባኝ ደንግጬ ፎርማት አደረግኩት። ቫይረሱን አጸዳሁ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር! ያ ቫይረስ ፋይሎቹን ይደብቃቸዋል እንጂ እንደማያጠፋቸው፣ የተደበቁ ፋይሎችን የማሳየት ሥራ ብቻ ቢሠራ ኖሮ ሁሉም ይወጡ እንደነበር ያወቅኩት ከወራት በኋላ ነው። ፋይሎቹን ያጠፋኋቸው እኔ ነኝ። ከዚያ በኋላ «ነገ እንደገና እገለብጠዋለሁ» እያልኩ ግንቦት ደረሰ።

የተረፈን አንድ ነገር ብቻ ነበር። የጥቅምትን መጨረሻ ሂሳብ ኦዲተሩ ጠይቆኝ በኢሜይል ልኬለት ነበር፤ ያ ከኢሜይሉ ውስጥ ተገኘ። መጠባበቂያ ይሁን ብዬ የላክሁት አልነበረም፤ ያዳነን ግን እሱ ነው። እናም ከኅዳር እስከ ግንቦት የሰባት ወር ሂሳብ፣ የ186 አባላት ቁጠባና ብድር፣ በሙሉ ጠፋ። የበጀት ዓመቱ ሊዘጋ የቀረን ጊዜ ሁለት ወር እንኳ አልሞላም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን የድሮ አባላት ታስታውሳላችሁ። «የቁጠባ ደብተራችሁን ይዛችሁ ኑ» ብለን ማስታወቂያ ለጠፍን። ማምሻ ማምሻውን እኔና ገንዘብ ያዣችን ከደረሰኝ ጥራዞች ላይ እያነበብን እንደገና ኤክሴል ላይ እንጽፋለን፤ ከዚያ ከአባላቱ ደብተር ጋር እናመሳክራለን፤ ከዚያ ከባንክ። ሂሳብ ላልሠራችሁ አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ባንኩ ሁሉንም ያውቃል ብላችሁ እንዳታስቡ። ገንዘብ ያዣችን የቀኑን ገቢ ሰብስበው በአንድ ጊዜ ነው የሚያስገቡት። የባንኩ ወረቀት ላይ የ17 ሰው ገንዘብ 21,400 ብር ሆኖ በአንድ መስመር ተጽፏል። የማን ስንት እንደሆነ ባንኩ ምን ያውቃል? ያንን የሚያውቀው የእኛ መዝገብ ብቻ ነበር።

በዚያ ሰሞን ያየሁትን መልካም ነገር ሳልናገር ባልፍ ደግሞ ኃጢአት ይሆንብኛል። አንዲት እናት ማንበብና መጻፍ አይችሉም። ደብተራቸውን በላስቲክ ጠቅልለው ሙዳይ ውስጥ ከልጅ ልጃቸው የክትባት ካርድ ጋር ነበር የሚያስቀምጡት። በዚያ ላይ እያንዳንዱን ክፍያ የልጅ ልጃቸው በግድግዳው ካላንደር ላይ እንድትጽፍላቸው ያደርጋሉ፤ ካላንደሩንም ተሸክመው መጡ። ስናመሳክር የእኛ ደረሰኝም የእሳቸውም ጽሑፍ አንድ ሆነ፤ የካቲት ላይ ግን ደብተራቸው 150 ብር በልጦ ተገኘ። «የእኔ አይደለም፤ የካቲት ልጄ ታማ ጎድሎብኛል፤ ደብተሩ ላይ ተሳስታችሁ ነው የጻፋችሁልኝ» ብለው ራሳቸው አስቀነሱት። ሁለት ቦታ፣ በሁለት እጅ የተጻፈ መዝገብ ማለት ይህ ነው። እኔ በዲፕሎማዬ ያላደረግኩትን እሳቸው በካላንደር አድርገውታል።

አሁን ወደዚያ ሳልናገረው ወደቆየሁት ልምጣ። ከደረሰኝ ጥራዞቹ አንዱ፣ ከቁጥር 1451 እስከ 1500 ያለው፣ ሊገኝ አልቻለም። በዚያ ጥራዝ ከከፈሉት አብዛኞቹ ደብተር ስለነበራቸው በደብተራቸው መዘገብናቸው። ሦስት እህቶች ግን ደብተራቸውም ደረሰኛቸውም የለም። አንደኛዋ ቤት ስትቀይር ጠፍቶባታል። «የብድሬን 3,200 ብር ከፍያለሁ» አለች። ሁለተኛዋ 1,500፣ ሦስተኛዋ 2,600 ብር ከፍለናል አሉ፤ ድምሩ 7,300 ብር። ከባንኩ ጋር ሳመሳክር ደግሞ ባለቤቱ ያልታወቀ ገቢ ሆኖ የተገኘው 5,900 ብር ብቻ ነው። እንግዲህ ከሦስቱ ቢያንስ አንዷ ተሳስታለች፤ የትኛዋ እንደሆነች ግን ማወቂያ የለንም። ኮሚቴው ተሰብስቦ፣ መተዳደሪያ ደንባችን «ማስረጃ የሌለው ክፍያ አይያዝም» ስለሚል ሦስቱም እንዲከፍሉ ወሰነ። ሁለቱ እያጉረመረሙም ቢሆን ተቀበሉት። የ3,200ዋ እህት ግን እንደገና ከፈለችና፣ በዚያው ዕለት ቁጠባዋን አውጥታ ከማኅበሩ ወጣች። ስትወጣ ያየችኝን አስተያየት አልረሳውም። ሌባ ነሽ አላለችኝም። ብትለኝ ይሻለኝ ነበር።

ከስምንት ወር በኋላ ከደጋፊዎቻችን አዲስ ዩፒኤስ መጣልን። አሮጌውን ልናነሳ ፕሪንተሩን ስንገፋ ከጠረጴዛውና ከግድግዳው መሀል አንድ የደረሰኝ ጥራዝ ወደቀ። ቁጥር 1487፣ ሦስት ሺህ ሁለት መቶ ብር፣ በእኔ እጅ ጽሑፍ፣ በእኔ ፊርማ። ሁለተኛዋም 1,500 በትክክል ከፍላለች። ሦስተኛዋ የከፈለችው 1,200 ነበር፤ 2,600 ያለችው ያለፈውን ክፍያ ደምራ ነው። 5,900 ብሩ እስከ ሳንቲሙ ገጠመ። ሂሳብ ሲገጥም ደስ የማይለኝ ያን ቀን ብቻ ነው።

ከሰብሳቢያችን ጋር ሆነን ገንዘቡን ይዘን ቤቷ ሄድን። ቆጥራ ተቀበለች። ቡናም አፈላችልን፤ እስከ በረካው ጠጣን። ወደ ማኅበሩ ግን አልተመለሰችም። ይህን ዛሬ እንድናገር አስፈቅጃታለሁ፤ «ስሜን አትጥሪ እንጂ ንገሪያቸው» ብላለች።

እንግዲህ መጠባበቂያ ቅጂ ሲባል የኮምፒውተር ባለሙያ ወሬ ብቻ መስሎ ለሚታያችሁ፣ ለእኛ ምን ማለት እንደሆነ ይህ ነው። ኮምፒውተሩ ተተካ። ቁጥሩም ተተካ። እህታችን አልተተካችም።

አሁን የምናደርገውን ልንገራችሁ። በዓለም ላይ በሰፊው የታወቀ አንድ ደንብ አለ፤ ፒተር ክሮግ የሚባል ፎቶግራፍ አንሺ ነው ያስፋፋው፤ ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ ይሉታል። ሦስት ቅጂ ይኑርህ፤ በሁለት ዓይነት ዕቃ ላይ ይሁን፤ አንዱ ደግሞ ከቤት ውጭ ይቀመጥ። እኛ በአቅማችን እንዲህ አድርገነዋል። አንዱ ኮምፒውተሩ ላይ ያለው የምንሠራበት ነው። ሁለተኛው ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ላይ ነው። እነዚህ ዲስኮች ሁለት ናቸው፤ «ሀ» እና «ለ» ብለን በፕላስተር ጽፈንባቸዋል። አርብ አርብ አንዱ ላይ እገለብጥና ወዲያው ነቅዬ ለገንዘብ ያዣችን እሰጣለሁ፤ እሳቸው ቤት ወስደው ይቆልፉበታል፤ በሚቀጥለው አርብ ሌላኛውን ይዘው ይመጣሉ። ሁለቱ በአንድ ቀን ቢሮ ውስጥ አያድሩም። ሦስተኛው በኢንተርኔት፣ ጉግል ድራይቭ ላይ ነው። እስከ 15 ጊጋ ባይት በነፃ ይሰጣል፤ የእኛ ሂሳብ ከዚያ ጥቂቱን እንኳ አይሞላም። የምንሰቅለው ግን በይለፍ ቃል የተቆለፈውን ፋይል ብቻ ነው። የእናንተ ቁጠባና ብድር የእናንተ ምሥጢር ነውና። በዚህ አጋጣሚ፣ የአባላት ስምና ሂሳብ ያለበትን ዝርዝር «እንዳይጠፋ» ብሎ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ መለጠፍ መጠባበቂያ አይደለም፤ አደባባይ ላይ ማስጣት ነው። ማን እንዳደረገው አልናገርም፤ እሷም ሳቅ እያለች ነው።

«ነቅዬ» ያልኩትን ልብ በሉልኝ። ብዙ ሰው ኤክስተርናል ገዝቶ ከኮምፒውተሩ ጋር እንደተሰካ ይተወዋል። ቫይረስ ሲገባ፣ በተለይ ፋይሉን ቆልፎ «ገንዘብ ክፈሉ» የሚለው ዓይነት፣ የተሰካውን ሁሉ አብሮ ይቆልፋል። ሜርስክ የሚባለውን ትልቅ የመርከብ ኩባንያ ታውቁታላችሁ፤ ስሙ ኮንቴይነሮች ላይ ተጽፎ በየመንገዱ ይታያል። በሰኔ 2009 ዓ.ም. ኖትፔትያ የሚባል ቫይረስ ገብቶበት ወደ 45,000 የሚጠጉ ኮምፒውተሮቹን እንደገና ማሰናዳት ግድ ሆነበት። በወቅቱ በስፋት እንደተዘገበው፣ የኩባንያው አውታር መሠረት የሆነው መዝገብ በተለያየ አገር ወደ 150 በሚሆኑ ማሽኖች ላይ ነበር፤ አንዱ የሌላው ቅጂ ነው። ሁሉም ግን እርስ በርስ ስለተያያዙ ሁሉም በአንድ ቀን ጠፉ። አንዲት ብቻ ተረፈች፤ ጋና ያለችው። ለምን ተረፈች? ጋና በዚያ ሰዓት መብራት ጠፍቶ ስለነበር ማሽኗ ከአውታሩ ተቋርጣ ነበር። ዲስኳን ወደ ለንደን በሰው ለማድረስ እንኳ የጋናዎቹ ሠራተኞች የእንግሊዝ ቪዛ ስላልነበራቸው አንዱ ናይጄሪያ ድረስ ወስዶ ለሌላ ሰው አስረከበ። መብራት መጥፋት ሰውን ሲያድን የሰማሁት ያኔ ብቻ ነው። የእኛን መብራት ግን አታመስግኑት፤ የእኔን ዲስክ የገደለው እሱ ነው።

ሌላው ብዙ ሰው የማያስበው ነገር ቀን ነው። በአሮጌው ቅጂ ላይ አዲሱን መጻፍ የለብንም። እኔ ፋይሉን በቀኑ ነው የምሰይመው፤ የዚህን ሳምንት ስገለብጥ ያለፈው ሳምንት አይነካም፤ የወር መጨረሻዎቹ ደግሞ በሙሉ ይቀመጣሉ። ምክንያቱን አምና አይተነዋል። ኤክሴል ላይ ስሞቹን በፊደል ተራ ልደረድር ብዬ የስሙን ዓምድ ብቻ መርጬ ደረደርኩት። ስሙ ተንቀሳቀሰ፤ ገንዘቡ ባለበት ቆመ። የአንዷ ቁጠባ ለሌላዋ ሆነ ማለት ነው። ድምሩ ልክ ነው፣ ስለዚህ አላየሁትም፤ ሴቭ አድርጌ ዘጋሁ። ከሁለት ሳምንት በኋላ አንዲት እህት ደብተሯን ስታሳየኝ ነው የነቃሁት። በየሳምንቱ በአንዱ ፋይል ላይ እየጻፍኩ ቢሆን ኖሮ መጠባበቂያዬም ያንኑ ስህተት ይዞ ይጠብቀኝ ነበር። የሦስት ሳምንቱን አውጥቼ፣ የሁለቱን ሳምንት ደረሰኝ ጨምሬ፣ በግማሽ ቀን አስተካከልኩት። ጉግል ድራይቭም ቢሆን ከኮምፒውተራችሁ ጋር ራሱ እየተናበበ የሚሠራ ከሆነ፣ ኮምፒውተሩ ላይ ያጠፋችሁትን እሱም ያጠፋል፤ ቅርጫቱ ውስጥ የሚያቆየው 30 ቀን ብቻ ነው። ስለዚህ እሱን ብቻ አትመኑ።

አሁን ወደ ዋናው ደረስኩ። ከሁሉም የሚከብደው መገልበጡ አይደለም፤ መመለሱ ነው። ተመልሶ ተከፍቶ ያልታየ ቅጂ፣ አለኝ ብለን የምንጽናናበት ነገር ብቻ ነው። ልጆቻችን የሚያዩት «ቶይ ስቶሪ» የሚባል የካርቱን ፊልም አለ። ሁለተኛው ክፍል በ1998 እ.ኤ.አ. ፒክሳር በሚባለው ድርጅት እየተሠራ ሳለ አንድ ሰው በስህተት በሰጠው ትእዛዝ የፊልሙ አብዛኛው ክፍል ከኮምፒውተራቸው ተሰረዘ። መጠባበቂያ ነበራቸው፤ ሊመልሱት ሲሉ ግን ሥራውን በትክክል መሥራት ካቆመ መቆየቱ ታወቀ። ማንም ከፍቶ አላየውማ። በሥራው ላይ ከነበሩት ኃላፊዎች አንዷ ጋሊን ሰስማን ትባላለች፤ ወልዳ ስለነበር ቤቷ ሆና ለመሥራት እንድትችል የፊልሙ ቅጂ ያለበት ኮምፒውተር ቤቷ ተቀምጦላት ነበር። ሄደው በብርድ ልብስ ጠቅልለው፣ በመኪናው የኋላ ወንበር ላይ እንደ ሕፃን አስተኝተው አመጡት። ፊልሙ ከዚያ ተመለሰ። አራስ ቤት ያለች እናት ናት ያዳነችው፤ ለዚህ ጉባኤ ይህን ሳልነግር ብቀር እናንተም አትምሩኝም።

እኔ በበኩሌ በተቃራኒው ነበርኩ። እኔ የወለድኩ ጊዜ የፋይሉ መክፈቻ ቃል በእኔ ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ነበር። በሦስተኛው ቀን ሆስፒታል ደውለው ጠየቁኝ። አሁን ቃሉ በወረቀት ተጽፎ፣ በታሸገ ፖስታ ሰብሳቢያችን ዘንድ አለ፤ ቃሉ ሲቀየር ፖስታውም ይቀየራል።

የመመለስ ልምምዳችን እንዲህ ነው። በየሦስት ወሩ አንድ ቅዳሜ፣ ከገንዘብ ያዣችን ቤት የመጣውን ዲስክ ይዘን በሌላ ኮምፒውተር ላይ እንከፍታለን፤ በቢሮው ላይ አይደለም። የአምስት አባላት ስም በዕጣ እናወጣና ሂሳባቸውን አትመን ከደብተራቸው ጋር እናመሳክራለን። መጀመሪያ ያደረግን ቀን ያላሰብነው ነገር ገጠመን። ከአምና ጀምሮ ሂሳባችንን ወደ ፒችትሪ አዙረነዋል፤ የፒችትሪ መጠባበቂያ ፋይል ደግሞ እንደ ኤክሴል ተነክቶ የሚከፈት አይደለም፤ ፕሮግራሙ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ምንም አያደርግላችሁም። በተበደርነው ላፕቶፕ ላይ ፕሮግራሙ ስላልነበረ ያን ቅዳሜ ዲስኩን እያየን ብቻ ዋልን። አሁን ኤክስተርናሉ ላይ የሁሉንም አባል ሂሳብ በኤክሴልም ጨምሬ አስቀምጣለሁ፤ በየወሩ መጨረሻም አንድ ጊዜ በወረቀት ይታተማል። በፒችትሪ ለምትሠሩ እህቶች አንድ ነገር ልጨምር። ሪስቶር ስታደርጉ ባለው ካምፓኒ ላይ ነው ወይስ አዲስ ላይ ብሎ ይጠይቃል። ለልምምድ ሲሆን ሁልጊዜ «አዲስ» በሉ። ባለው ላይ ከመለሳችሁ የዛሬውን ሥራ በአሮጌው ትደመስሳላችሁ። እጄ ሊጫን አንድ ጣት ሲቀረው ነው ያነሳሁት።

ቢሮና ማኅበር ብቻ አይደለም። ብዙዎቻችሁ የንግድ ሂሳባችሁን፣ የደንበኛ ስልክ፣ የዱቤ ዝርዝር ስልካችሁ ላይ ነው የያዛችሁት። አንዲት አባላችን ታክሲ ስትሳፈር ስልኳን ነጠቋት፤ ስልኩን ረስታዋለች፤ በውስጡ የነበረውን የሟች እናቷን ድምፅና ፎቶ ግን እስከ ዛሬ ታለቅሳለች። ፎቶን ራሱ ወደ ኢንተርኔት የሚልክ ማስተካከያ ስልካችሁ ላይ አለ፤ ዋይፋይ ባለበት ቦታ አብሩት። የልጆች የልደት ካርድ፣ የትምህርት ማስረጃ፣ መታወቂያ፣ የቤት ውል፣ ፎቶ አንስታችሁ ቢያንስ በሁለት ቦታ አስቀምጡ። ቴሌግራም ላይ ለራስ መላክም ይጠቅማል፤ ብቻ ሁለተኛ የይለፍ ቃል አድርጉበትና ቃሉን ቤት ባለ ደብተር ጻፉት። ስልኩ ውስጥ አይደለም!

ቀድሞ ለጠፋበት ሰው ደግሞ የምመክረው እጅን መሰብሰብን ነው። የተሰረዘ ፋይል ወዲያው ከዲስኩ ላይ አይጠፋም፤ ቦታው «ባዶ ነው» ተብሎ ይመዘገባል፤ ሌላ ነገር ሲጻፍበት ነው የሚጠፋው። ስለዚህ ፍላሽ ላይ ያለ ነገር በስህተት ከሰረዛችሁ በዚያ ፍላሽ ላይ ምንም ሳትጨምሩ ነቅላችሁ ለሚያውቅ ሰው ስጡ። ከፍላሽ የሚሰረዝ ነገር ሪሳይክል ቢን ውስጥ አይገባም፤ እዚያ አትፈልጉት። «ፎርማት ይደረግ?» ብሎ ሲጠይቃችሁ አይሆንም በሉ። እንደ እኔው ኮምፒውተር ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ከሰማችሁ ደግሞ ወዲያው አጥፉት፤ ደጋግማችሁ ባበራችሁት ቁጥር ጉዳቱ ይብሳል። እኔ ያን ቀን አሥር ጊዜ ያህል ሳላበራው አልቀረሁም። ለጠጋኝ ስትሰጡም፣ «ዊንዶውስ እጭንልሻለሁ» ካላችሁ፣ ዴስክቶፕ ላይ ያስቀመጣችሁት ነገር ሁሉ ሲ ላይ እንደሆነና አብሮ ሊጠረግ እንደሚችል አስቀድማችሁ ንገሩት። በየመንገዱ የሚሸጡትን፣ ዋጋቸው ከሽንብራ የማይሻል፣ ላያቸው ላይ ግን አንድ ቴራ የሚል የተጻፈባቸውን ፍላሾችም ተጠንቀቁ። የተገለበጠ ይመስላል፤ ስትከፍቱት የለም።

ለደጋፊዎቻችን አንዲት ቃል ብቻ። ኮምፒውተር ሰጥታችሁናል፣ ፕሪንተር ሰጥታችሁናል፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። በዕቃ ዝርዝራችሁ ላይ ግን መጠባበቂያ ዲስክ ሲጻፍ አይቼ አላውቅም። «ሀ» እና «ለ»ን የገዛነው ከአባላት መዋጮ ነው። እንደ እኛ ያለ ሌላ ማኅበር ኮምፒውተር ስትሰጡ አብራችሁ አንድ ኤክስተርናልና ባትሪው የሚሠራ ዩፒኤስ ስጡ፤ ኮምፒውተሩ ከሁለቱ ውጭ ግማሽ ስጦታ ነው። ይህን ስል ድፍረት እንዳይመስልብኝ።

የሚቀጥለው የመመለስ ልምምድ የዛሬ ሁለት ሳምንት ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነው። አምስቱን ስም ዛሬ በዕጣ እናወጣለን፤ የወጣላችሁ ደብተራችሁን ይዛችሁ ኑ። የራሳችሁን ፍላሽ ወይም ስልክ ማምጣት የምትፈልጉም ብትኖሩ አብሬያችሁ አያለሁ፤ ቫይረስ ያለበትንም ቢሆን፤ ብቻ እስከዚያ ድረስ ፎርማት እንዳታደርጉት። ጥያቄ ያላችሁ ቡናው ጋ እንገናኝ።